የቢስቲማዋ መኪና ትኩሳት

ቢስቲማ፣ ጥር 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ወልደ ሚካኤል፣ ኮምቦልቻ

ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። መልስ ሳልጽፍ መክረሜን አፉ ይበሉኝ። ደህና ወሬ ይዤ ልጻፍ ብዬ ነበር የቆየሁት፤ ደህናው ወሬ አልመጣ ሲለኝ ያለውን ይዤ መጣሁ።

«ራዲያተሩን አጥበኸዋል ወይስ አለቃልቀኸዋል?» ብለው ለጠየቁኝ፣ ወላሂ አጥቤዋለሁ። የታችኛውን መክፈቻ ፈትቼ፣ ከላይ ውኃ እየለቀቅሁ፣ ከታች ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ቆሜ አጥቤዋለሁ። ከዚያ ልጅ የሚጠጣው ዓይነት የምንጭ ውኃ ሞላሁበት። ሳምንት አልቆየም፤ ክዳኑን ስከፍተው ጥቁር! ቡናማ አይደለም ጋሼ፣ ጥቁር ነው። አጥባለሁ፣ ይጠቁራል። ደግሜ አጥባለሁ፣ ደግሞ ይጠቁራል።

ሐይቅን አልፌ የቦሩ ሜዳን አቀበት ስጀምር የሙቀት መለኪያው ቀዩ ላይ ይወጣል። እቆማለሁ፣ አቀዘቅዛታለሁ፣ ውኃ እጨምራለሁ፣ ትንሽ እሄድና ደግሞ እቆማለሁ። የምጭነው እህል ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። እርስዎ እንደሚያውቁት ግን ከቢስቲማ ሕመምተኛ ይዛ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የምታደርስ ሌላ መኪና የለንም። ባለፈው ሳምንት ምጥ የያዛት ሴት ከኋላ ተኝታ እየጮኸች፣ እኔ መንገድ ዳር ኮፈኖ ከፍቼ ሞተር ሳራግብ ነበር። አላህ ረድቷት ደረሰች። ሁልጊዜ ግን አይሆንም።

የመኪናዋ ባለቤት የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ጓድ የሱፍ ትናንት ጠርቶኝ፣ «ጓድ ጀላል፣ መኪና በራሷ አትታመምም» አለኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኩት። 

መንዳትንም መፍታትንም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ምን ላድርግ?

አክባሪ ልጅዎ ጀላል


ኮምቦልቻ፣ ጥር 17 ቀን 1974 ዓ.ም.

ልጄ ጀላል፣

ሚካኤል ይጠብቅህ። ወገቤን ተወው፤ ደረጃ መውጣት ቢያቅተኝም አፌ ያው ነው። ሐኪሙ መኪና ላይ እንዳትወጣ ብሎ ከለከለኝ እንጂ መጥቼ ጆሮዬን ደረቷ ላይ እለጥፍ ነበር። ያቺን ፒክአፕ ካንተ በፊት እኔ ነኝ የነዳኋት። ስታስነጥስ ምን እንዳማራት አውቃለሁ።

አሁን አታልቅስብኝና የምልህን አድርግ። በማለዳ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ክፈት። ውኃው ላይ እንደ ወጥ ቅባት የሚንሳፈፍ ነገር ካለ ዘይት ነው። ዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳብና እየው፤ ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። ከዚያ ክዳኑን ሳትዘጋ ሞተሩን አስነሳና ቆመህ ተመልከት። ውኃው እንደ ሽሮ ከተንፈቀፈቀ ነገሩ አበቃ። የዝቃጩንም ነገር እንዳትረሳ፤ ከተበላሸ ራዲዮ ማግኔት ፈልቅቅና አስጠጋው። ከተሳበ ዝገት ነው።

እኔን ካልከኝ ግን ሳላያትም እነግርሃለሁ፤ የሞተሯ ራስ፣ የቴስታታው ጋስኬት ተቃጥሏል። ሚካኤልን! ይኼን ሁሉ ዘመን መኪና ፈትቼ ይቺ ትጥፋኝ?

ለጓድ የሱፍ መሳቅህን አልወደድኩትም። ለእሱ ዓይነቱ ሰው ወይ መልስ ስጠው ወይ ዝም በለው።

ወልደ ሚካኤል


ቢስቲማ፣ የካቲት 3 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ወልደ ሚካኤል፣

እንደምን ሰነበቱ? «አታመንታ፣ ክፈተው» ብለው ደርበው የላኩት ሁለተኛው ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን ሞተሩን ከፈትኩት። ነገሩን ከመናገሬ በፊት ግን ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ መልሱ አያስደስትዎትም።

ዘይት የሚባል አልተንሳፈፈም። የሞተሩ ዘይት ያው ዘይት ነው፣ አልነጣም። ውኃውም ዝም ብሎ ይሽከረከራል እንጂ አይንፈቀፈቅም። ማግኔቱን ዝቃጩ ላይ ባስጠጋው ንቅንቅ አላለም። ይኼን ሁሉ አይቼም ጋሼ ብለዋልና ቴስታታውን አወረድኩ። ጋስኬቱ ትናንት እንደገባ ነው፤ ጭረት የለበትም።

ሞተሯ ተበታትኖ እኔ በዘይት ተለውሼ ሳለሁ ጓድ የሱፍ ከኮሚቴው ጋር መጣ። ቡሎኖቹን አያቸው፣ እኔን አየኝ። «ደህናውን ጋስኬት ለምን አወጣኸው?» አለኝ። «ደህና መሆኑን ለማወቅ» ስላቸው ሳቁብኝ። የሱፍ ግን አልሳቀም። አሻጥር የምትለዋን ቃል ከአፉ የሰማሁት የዚያን ዕለት ነው። ይኼ ቃል የወጣበት ሰው ወደ ደሴ እስር ቤት እንጂ ወደ ቤቱ እንደማይሄድ እርስዎም ያውቃሉ። መልሱን እስከ መጋቢት ድረስ ካላመጣሁ ጉዳዬ በጠቅላላ ስብሰባ እንደሚታይ ነገረኝ።

ጎረቤታችን ሸሪፋ ለገበያ ኮምቦልቻ ትወርዳለች። ከራዲያተሩ የቀዳሁትን ውኃ በጠርሙስ ይዛልዎት ትመጣለች። እስቲ በዓይንዎ ይዩልኝ።

ጀላል


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

ልጄ ጀላል፣ እንዴት ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ከላይ ያለችውን መስመር መለስ በልና እያት። ከሌላው ጽሑፌ ደብዘዝ አላለችብህም? እሷን የጻፍኳት በመኪናህ ራዲያተር ውኃ ነው።

አልሰከርኩም፤ ስማኝ። አስቀድሜ ግን ይቅርታ ልበልህ። ያንን ሁሉ መከራ ያመጣሁብህ እኔ ነኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ የሌላውን ጥፋት ጋስኬቱ ላይ ለጠፍኩት። አንተ ደግሞ ዓይንህ ያየውን ትተህ የእኔን ቃል ሰማህ፤ ለዚህስ ሁለታችንም ጅራፍ ይገባናል።

ጠርሙሱ እንደመጣልኝ ውኃውን ነጭ ሳህን ላይ ገልብጬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሲደርቅ ምን ቢቀር ጥሩ ነው? ዝገት ቢሆን ቀይ ዱቄት ይቀር ነበር። ዘይት ቢሆን ሳህኑ ይወዛ ነበር። ይኼ ግን ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ በጥፍር ሲጭሩት እንደ ቅርፊት የሚነሳ ነገር ነው። ጠብታ ውኃ ጣል ባደርግበት መልሶ ሟሟና ጣቴ ላይ ተጣበቀ። አሸተትኩት። ጀላል ሙት፣ ባሸተትኩት ጊዜ ሕፃን ሆኜ አባቴ ጉልበት ሥር ቁጭ አልኩ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የብራና ጸሐፊ ነበር። ቀለሙን የሚሠራው ከድስት ቂጥ በተፋቀ ጥላሸትና በግራር ሙጫ ነው። መፋቁ የእኔ ሥራ ስለነበር ሽታው ከአፍንጫዬ አልወጣም። ራዲያተርህ ውስጥ ያለው እሱው ነው። በስንጥር ነክሬ ወረቀት ላይ ጫር ባደርገው ጻፈልኝ! ጥላሸቱ ውኃውን ያጠቁረዋል፤ ሙጫው ደግሞ በቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ውስጥ ተጋግሮ መንገድ ይዘጋል። ለዚህ ነው አቀበት ላይ የምትግልብህ።

ሞተር ቀለም አይወልድም፤ ሰው ነው የሚጨምርበት። ሌሊት የት ነው የምታሳድራት? ጠላት አለህ? ፈልግና አግኘው፣ ጓድ የሱፍ ፈልጎ ሳያገኘው።

ወልደ ሚካኤል


ቢስቲማ፣ የካቲት 27 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ወልደ ሚካኤል፣

«ጠላት አለህ?» ላሉኝ፣ ምነው ጠላት በሆነና በቀለለኝ!

ጋሼ፣ እንዴት ያለ ዓይን ነው የሰጠዎት? ደብዳቤዎን ለባለቤቴ ለጣይባ ሳነብላት አፏን ይዛ ቀረች። ጠርሙስ ውኃ ብልክልዎ ቢስቲማን ሳይረግጡ አዩልኝ።

መኪናዋ የምታድረው በእመት ኡሙሰልማ አጥር ሥር ነው። ባለቤታቸው ሼሁ ቁርአን ያስቀሩን፣ ማለት ማንበብ ያስተምሩን ነበር፤ ሼሁ ካለፉ ወዲህ ልጃቸው በሺር ያስቀራል። ልጆቹ ሳምንቱን በዚያው በጥላሸትና በሙጫ ቀለም የጻፉበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ ሎሁን፣ ሐሙስ ሐሙስ ያጥባሉ። ቃሉ የታጠበበት ውኃ እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም። እመት ኡሙሰልማ ያስቀምጡታል፤ ትኩሳት ያለበት ሰው ሲመጣ ይጠጣዋል። እኔም በልጅነቴ ስንቴ ጠጥቼዋለሁ።

ይኼ ትዝ ቢለኝ አርብ ጠዋት ከግድግዳው ኋላ ቆሜ ጠበቅሁ። እመት ከሱብሒ ሶላት መለስ ብለው ማንቆርቆሪያቸውን አንጠልጥለው መጡ። ኮፈኖውን እኔ እንደምከፍተው አድርገው ከፈቱት። ራዲያተሩን የልጅ ግንባር እንደሚዳብሱ በመዳፋቸው ዳበሱት። ቢስሚላህ ብለው ያንን ጥቁር ውኃ ጨመሩና ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ጠጪ እናቴ፣ ጠጪ። ትኩሳትሽን አላህ ያንሳልሽ።»

ኮፈኖውን ዘግተው እስኪገቡ ከግድግዳው ኋላ አልወጣሁም ጋሼ።

የበሺር ሚስት ለይላ አምና በምጥ ልትሞት ስትል ቦሩ ሜዳ ያደረሰቻት ይቺው መኪና ናት። እናትም ልጅም ተርፈዋል። ከዚያ ወዲህ እመት መኪናዋ ስትግል ውኃ ስሰጣት ያዩኛል። ለእሳቸው እንግዲህ የምትጠማና የምታተኩስ ነፍስ ናት። በጋለች ቁጥር ይጨምሩላታል፤ በጨመሩላት ቁጥር ደግሞ ትግላለች።

አልነገርኳቸውም። አምና ዱዓ አሰባሰቡ የተባሉ ሽማግሌ አድሃሪ ተብለው ስንት ወር እንደታሰሩ ሰምተዋል፤ የእመት ስም ኮሚቴው ጆሮ ከገባ ምን ይመጣል? ደግሞ ይኼ ባይኖርስ፣ ምራትዎን ያዳነችውን መኪና የሚያሳምሟት እርስዎ ነዎት ብዬ በምን አፌ ልንገራቸው? ልባቸው ይሰበራል። ዘዴ አግኝቻለሁ፤ አርብ እሳቸው ጨምረው እንደገቡ፣ ሰው ሳይነሳ ራዲያተሩን አፍስሼ ንጹሕ ውኃ እሞላለሁ።

ጀላል


ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 5 ቀን 1974 ዓ.ም.

ልጄ ጀላል፣

ደብዳቤህን ሳነብ ከአንጀቴ ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ስንት ሹፌር አይቻለሁ፤ መኪናውን በእርግጫ የሚመታ፣ እናቷን የሚሳደብ። ግንባሯን ዳብሰው ምሕረት የለመኑላት እመት ኡሙሰልማ ብቻ ናቸው። አሳባቸውን ደግሞ እየው! ትጠማለች፣ ትጠጣለች፣ ትግላለች፤ እንግዲያ ታማለች። እኔ ሳላያት ጋስኬት ስል፣ እሳቸው ዳብሰው ትኩሳት አሉ። ሐኪም ማለትስ እሳቸው!

ዘዴህን ግን አልወደድኩትም። ጎህ ሲቀድ ለብቻው ኮፈኖ ከፍቶ ውኃ የሚደፋ ሹፌር ያየ ሰው ምን ይላል? ያውም አሻጥር የምትለዋ ቃል አንዴ ከወጣች በኋላ። «ማን ጨመረበት?» ሲሉህ ምን ልትል ነው? ጀላል፣ ዛሬውኑ ሂድና ንገራቸው። ውኃ ይዘው የመጡ ሰው በአንድ ቃል ይመለሳሉ። እባክህ ልጄ።

ወልደ ሚካኤል


ቢስቲማ፣ መጋቢት 21 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ወልደ ሚካኤል፣

እኔ ደህና ነኝ፣ ኸይር ነው፣ አያስቡ። ሰሞኑን ሥራ ላይ አይደለሁም። መኪናዋ በማኅበሩ ግቢ ቆማለች፤ እኔም ከእሷ ሩቅ አይደለሁም። ምግቤን ጣይባ ታመጣልኛለች። መኝታውም አይከፋም።

የፈሩት ይደርሳል ነው የሚባለው? አርብ ጠዋት የታችኛውን መክፈቻ ፈትቼ ውኃው ሲወርድ፣ ቀና ብል ጓድ የሱፍ ቆሟል። «ለምን ትደፋዋለህ?» አለኝ። «ቆሽሾ ነው።» «ማን አቆሸሸው?» ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ ሁሉ ይኼንኑ ነው፤ እኔም የመለስኩት ያንኑ ነው። ስሙን ከተናገርክ ዛሬ ቤትህ ትገባለህ ብሎኛል። ካልተናገርኩ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ስብሰባው ያየውና ወደ ደሴ እላካለሁ።

ለእመት ኡሙሰልማ ጀላል ለሥራ ደሴ ሄዷል በሉልኝ ብያለሁ። እርስዎም ለኮሚቴው ልጻፍ ማለትዎ እንደማይቀር አውቃለሁ። ቢጽፉ ስማቸውን እንዳያነሱ በሚካኤል ይዤዎታለሁ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ከታሰርኩ ወዲህ ሁለት ሕመምተኞች በቃሬዛ ወደ ሐይቅ ሲወርዱ በመስኮቱ አይቻለሁ።

ጀላል


ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 27 ቀን 1974 ዓ.ም.

አንተ ግትር!

«መኝታውም አይከፋም» ይለኛል ደግሞ! ሸሪፋ ሁሉንም ነግራኛለች፤ ሲሚንቶ ላይ ነው የምትተኛው። በሚካኤል ያዝከኝ አይደል? እስላሙ ልጅ ማንን እንደምፈራ ያውቃል። እጄን አሰርከው። ሦስት ጊዜ ስማቸውን ጽፌ ሦስት ጊዜ ወረቀቱን ቀደድኩት።

በመጨረሻ ለኮሚቴው የጻፍኩት እንዲህ ነው፦ ውኃው ውስጥ ያለው ጥላሸትና ሙጫ ነው፣ ብረት የሚበላ መርዝ አይደለም፣ ታጥቦ ይወጣል፣ ሹፌሩ ሲደፋው ሊያድናት ነው እንጂ ሊገድላት አይደለም። ቴስታታውን ያስከፈትኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ጥፋት ከሆነ እኔን እሰሩኝ ብዬ ፈርሜበታለሁ። የሱፍ «ማን?» ማለቱን ግን አይተውም። ለእሱ የሚሆን መልስ እኔ ዘንድ የለም፤ በሚካኤል ተቆልፏል።

ተናደድኩብህ ጀላል። ጣይባስ? ልጆችህስ? ልቤ ግን ሌላ ነው የሚለኝ፤ ሳልነግርህ ባድር ደግሞ ያንቀኛል። በዚህ ዘመን ወንድም ወንድሙን አሳልፎ ሲሰጥ አይተናል። አንተ የጎረቤት አሮጊት ልብ እንዳይሰበር ብለህ ሲሚንቶ ላይ ተኛህ። ሞተር መክፈት እኔ አስተማርኩህ፤ ይኼን ግን ከእኔ አልተማርከውም። እኔ ራሴ የለኝም። ኮራሁብህ ልጄ፤ ፈራሁልህም።

አብሽር እንደምትሉት፣ አብሽር፣ አይዞህ።

ወልደ ሚካኤል


ቢስቲማ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ወልደ ሚካኤል፣

ይኼን የምጽፍልዎ ከቤቴ፣ ከራሴ መደብ ላይ ነው። አልሐምዱሊላህ! በል አሁን ከመጀመሪያው ተናገር እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

ስብሰባው የዋለው ሐሙስ ነው። አዳራሹ ሞልቷል፤ እኔ ከፊት ቆሜያለሁ። የእርስዎ ደብዳቤ ተነበበ። ሰዉ አጉረመረመ፣ የሱፍም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ያችኑ ጥያቄ አመጣት፤ «ማን ጨመረው?» እንደ ልማዴ መሬት መሬት አየሁ። «እንግዲያስ» ብሎ ወረቀቱን ሲስብ የግቢው ዘበኛ ብሩ እያለከለከ ገባ። ምን ልበል እያለ ሲንተባተብ ከኋላው እመት ኡሙሰልማ ከነማንቆርቆሪያቸው ገቡ።

ለካስ መኪናዋን አጥራቸው ሥር ቢያጧት ሲያፈላልጉ ማኅበሩ ግቢ ውስጥ አይተዋታል። ብሩን «ታማሚዋ መድኃኒቷን አልጠጣችም፣ ክፈትልኝ» ቢሉት ነው ሮጦ የመጣው።

«ራዲያተሩ ውስጥ የሚጨምሩት እርስዎ ነዎት?» አለ የሱፍ።

«እኔ ነኛ! ማን ይጨምርላት? አንተ ከመጫን በቀር አንድ ቀን እንዴት አደርሽ ብለሃት ታውቃለህ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሱፍ ጠረጴዛውን መታ። «ተደብቀው ለምን?»

«መቼ ተደብቄ? ከሱብሒ ስመለስ ነው የምሰጣት። ማን ጠይቆኝ ነው የደበቅሁት? ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም!»

እኔ ሚስጥር ብዬ ስንት ቀን የተሸከምኩት ነገር ጋሼ፣ ለእሳቸው ሚስጥር አልነበረም።

የሱፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እመት፣ ይኼ ውኃ እኮ መኪናዋን ጎዳት» አላቸው። የፈራሁት መጣ። እመት ማንቆርቆሪያውን አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ጎድቷታል?»

«ጎድቷታል እመት።»

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«የታሰርከው በዚህ ነው?»

«አንተ ልጅ!» ብለው ጮኹብኝ። «ለሕፃን የሰጠሁት መድኃኒት ካልተስማማው እኮ እተወዋለሁ! እኔን የተሰነጠቀ ገንቦ አደረግኸኝ? ስንቱን አልፌ ይኼ ይሰብረኛል ብለህ ነው?»

ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ አንስተው ከማንቆርቆሪያው ቀዱና እኩሌታውን ጠጡ። የቀረውን ለየሱፍ ዘረጉለት። «የሱፍ፣ ኩፍኝ ጥሎህ እናትህ አዝላህ የመጣች ጊዜ የጠጣኸው ይኼንኑ ነው። አሻጥር ከሆነ የጀመርኩት ያኔ ነው። እኔን እሰረኝና ልጁን ልቀቀው።»

 የሱፍ ብርጭቆውን አየው፣ ሰዉን አየ። ወላሂ ጋሼ፣ ተቀብሎ ጠጣው። በዚያ ሁሉ ጓድ ፊት ጨለጠው።

ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ይጻፍ ተብሎ ጭቅጭቅ ሆነ። የሎህ ውኃ ተብሎ ቢጻፍ የበላይ አካል ያየዋል። በመጨረሻ የሱፍ ራሱ እንዲህ ብሎ አጻፈ፦ «ብልሽቱ የደረሰው ከመጠን ባለፈ እንክብካቤ ነው።»

አሁን እመት፣ «ይኼ ካልተስማማት ምን ልስጣት? ያን አዋቂ ጠይቅልኝ» ብለውኛል።

ጀላል


ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1974 ዓ.ም.

ልጄ ጀላል፣

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። ደብዳቤህን ለጎረቤቱ ሁሉ አነበብኩት፤ ገንቦው ላይ ስደርስ እኔው ራሴ ማንበብ አቃተኝ። እኔና አንተ ስለ እመት ኡሙሰልማ ስንጨነቅ፣ እሳቸው ከሁለታችንም የበረቱ ነበሩ። ከነማንቆርቆሪያቸው አዳራሽ ገብተው ሊቀመንበር ያጠጡ ሴት! ጀግና ስንት ዓይነት ነው። የሱፍንም ቢሆን አልነፍገውም፤ ያንን ብርጭቆ ለመቀበል ልብ ይጠይቃል።

በል ሥራህን ስማ። ሙጫ ለሞቀ ውኃ እጁን ይሰጣል፤ ራዲያተሩን አውርደህ በሞቀ ውኃ ከታች ወደ ላይ ደጋግመህ እጠበው። አሲድ ምናምን የሚልህን አትስማ፣ ይበሳብሃል።

ለእመት ደግሞ እንዲህ በልልኝ። ለእሷ የሚስማማት ንጹሕ ውኃ ነው፤ ከበልጉ ዝናብ የተጠራቀመ፣ በጨርቅ የተጠለለ። የምንጩ ውኃ ጨው አለበት። ቃሉን በአፋቸው ይበሉበት። ቀለም የሌለው ዱዓ ቱቦ አይዘጋም።

ወልደ ሚካኤል


ቢስቲማ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ወልደ ሚካኤል፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። «ጠራልህ ወይ?» ላሉኝ፣ ጠርቷል። ሳምንት አልፎታል፤ ክዳኑን ስከፍት የቱቦዎቹ አፍ ይታየኛል። ትናንት የታመመ ሽማግሌ ይዤ የቦሩ ሜዳን አቀበት አንድም ቦታ ሳልቆም ወጣሁት።

መልእክትዎን ለእመት ስነግራቸው፣ «ይኼ ክርስቲያን ደህና አርጎ ያውቃል» አሉ። የዝናቡን ውኃ በአዲስ እንስራ አጠራቅመው፣ በነጠላቸው አጥልለው ያስቀምጡታል። አርብ ጠዋት ስደርስ ማንቆርቆሪያውን ይዘው ኮፈኖው ፊት ቆመዋል። እየጠበቁኝ ነበር። ክዳኑን እኔ ከፈትኩ፣ ውኃውን እሳቸው ቀስ ብለው ጨመሩ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ሲጨርሱ፣ «እመት፣ አፉ ይበሉኝ፣ ላሳዝንዎ ስላልፈለግሁ ነው» አልኳቸው።

እጃቸውን በቀሚሳቸው አደራርቀው ጉንጬን ያዙት። «አውቃለሁ» አሉኝ። «እኔም እሷን ሳልጠይቃት ነው ያጠጣኋት። እሷ አፍ የላትም፤ እኔ ግን አለኝ። ሌላ ጊዜ ስታስብልኝ ነግረኸኝ አስብልኝ።»

ከዚያ ማንቆርቆሪያቸውን አንጠልጥለው ገቡ፣ እኔም ሞተሩን አስነሳሁ።

ልጅዎ ጀላል